ማይኩ ማን ጋ ነው?

(ይህ ጽሑፍ የውይይት ክበብ ለማቋቋም ስድስት ኪሎ ለተሰባሰቡ ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ።

ፈተና እየደረሰ ነው። ካፌ እራት የሚያበቃበትን ሰዓትም አውቀዋለሁ። እንዲያም ሆኖ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። አላንዛዛባችሁም።

የጋበዛችሁኝ በዩኒቨርሲቲ ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ በሕዝብ ፊት እንዴት እንወያይ ብላችሁ ነው። እኔ በእንዲህ ዓይነት መድረኮች ብዙ ጊዜ አወያይ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ጥሩ ጽሑፎች ሲቀርቡ ሰምቻለሁ፤ ደካማም ሰምቻለሁ። ዛሬ አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። የማልረሳው ጥያቄዎቹን ነው። ስለዚህ አንድ ውይይት እንዴት ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ የማየው የጥያቄውን ሰዓት ነው። ማን ጠየቀ? ማን ሳይጠይቅ ወጣ? የተጠየቀውስ ሰው መለሰ ወይስ አድበስብሶ አለፈ?

ሁላችሁም የምታውቁት ነገር ነው። ሦስት ጽሑፍ አቅራቢ ይመጣል። እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ተብሎ 45 ይወስዳል። ከዚያ አወያዩ ሰዓቱን ያያል። «ጊዜው እየሄደብን ስለሆነ አንድ ዙር ብቻ እንወስዳለን፤ ባጭሩ፣ ባጭሩ!» ይላል። አምስት ሰው ይናገራል። አምስቱም ከፊት ወንበር ናቸው። ማጠቃለያ፣ ጭብጨባ፣ ፎቶ፣ ሻይ ቡና። ከኋላ እጁን አውጥቶ የነበረው ልጅ እጁን አውርዶ ይሄዳል።

ይህ የኛ ባህል አይደለም። የኛ ሰው ሙግት ያውቅበታል። ባላጋራውን «በላ ልበልሃ!» ብሎ ይገጥመዋል፣ «ተጠየቅ!» ይለዋል። የተጠየቀ ሰው መልስ መስጠት ግዴታው ነው። ተሟጋቾች ኩታቸውን ቋጥረው አብረው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። መንገደኛውን አስቁመው ፍረደን ይሉት ነበር። ደሀም ቢሆን በችሎት ፊት አንደበቱ ከተፈታ ይደመጥ ነበር። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» የተባለው እንዲያው በባዶ አይደለም። ሥርዓቱ እኩልነት ነበረው እያልኩ አይደለም፤ ብዙ ግፍ ነበረበት። ግን መጠየቅን የውይይቱ እምብርት አድርጎ ይዞት ነበር። እኛ ግን እንደ ገበያ ምርቃት፣ ትርፍ ነገር አድርገነዋል።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም። ውይይቱ ስለ ሠራተኞች መብት ነበር፤ አወያዩም እኔ ነበርኩ። አንዱ አቅራቢ ስለ አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ስለ 1156/2011 ማለት ነው፣ ሰፊ ትንታኔ ሰጠ። አዋጁ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል። አቅራቢው በዚህ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ግማሽ ሰዓት ተናገረ። የሌሎች አገሮችን ልምድ አነጻጸረ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር።

ውይይቱ አለቀ። ሰዉ ወጣ። እኔ ወረቀቶቼን እሰበስባለሁ። አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት መጥረጊያና ባልዲ ይዘው ገቡ። አዳራሹን ጠርገው የሚቆልፉት እሳቸው ናቸው። ለካ በሩ አጠገብ ተቀምጠው መጨረሳችንን ሲጠብቁ ነበር። በየወንበሩ ሥር የተጣለውን ባዶ የውሃ ፕላስቲክ እየለቀሙ ወደ ማዳበሪያ ይከቱ ጀመር። ለቆራሌው ይሸጡታል። ውሃው ያላለቀውን ባልዲው ውስጥ እየደፉ ነበር የሚከቱት።

ቀና አሉና፣ «መምህር፣ ይሄ ስታወሩት የነበረው ነገር እኛንም ይመለከታል?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ በደንብ ይመለከታል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ኤጀንሲው ከደሞዛችን የሚያስቀረውን ማንን ነው የምንጠይቀው? ግቢውን ስንጠይቅ ኤጀንሲውን ጠይቁ ይለናል። ኤጀንሲው ደግሞ ግቢው ነው ያልከፈለን ይለናል።»

መልስ አልነበረኝም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለሳቸው ስናወራ ቆይተናል። እሳቸው ከበሩ ውጭ ነበሩ። የዚያን ቀን ከቀረበው ሁሉ ጠንካራው ጥያቄ የተጠየቀው አዳራሹ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ለአቅራቢው ቀርቦለት ቢሆን ኖሮ ሙሉ ጽሑፉን እንደገና ያስጽፈው ነበር። ምክንያቱም የችግሩ ዋና ቋጠሮ እዚያ ጋ ነው። ሥራውን የሚያሠራው አንድ፣ ቀጣሪው ሌላ። ሴትዮዋ በሁለቱ መሃል ነው የቆሙት።

እኔ ያን ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሩን ከፍቼ ግቡ ማለት ይቻለኝ ነበር። ማይኩ በእጄ ነበር።

ወደዚህ ግቢ ታሪክ ልምጣ። የተቀመጣችሁበት ግቢ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ገነተ ልዑል። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት እዚሁ ተረሸኑ። ተማሪዎቹ ያኔ ሙከራውን ደግፈው ሰልፍ ወጥተው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት። በዚያው ዓመት በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ የሚባል ተማሪ አንድ ግጥም አነበበ። ርዕሱ «ደሀው ይናገራል» ነው።

ርዕሱን ልብ በሉት። በሰብዓዊ መብት ላይ ከዚህ የተሻለ ርዕስ አላውቅም። ተማሪው ማይኩን ለደሀው ሰጠ። ግን በዓሉ ላይ የተናገረው ተማሪው እንጂ ደሀው አልነበረም። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። ያን ማድረግ ራሱ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። የምለው ጉዞው ከዚያ ጀመረ ነው።

በ1957 የካቲት ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ፓርላማ ድረስ ሄዱ። በዚያው ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል ጀምሮ ነበር። ብዙው የሚሄደው አስተማሪ ሆኖ ነው። አገሩን ያየው ያን ጊዜ ነው። ጭሰኛውን በመጽሐፍ ሳይሆን በጎረቤትነት አገኘው። ሲመለስ የሚያወራው ወሬ ሌላ ሆነ። መፈክሩ ሕግ እስኪሆን ግን አሥር ዓመት ፈጅቷል። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን የሾላውን ነው። በ1958 ዓ.ም. ለማኞችና ቤት የሌላቸው ሰዎች ከአዲስ አበባ መንገድ እየታፈሱ ሾላ በሚገኝ ካምፕ ይታጎሩ ነበር። ተማሪዎቹ ሄደው አዩት። ሰዎቹ እንዴት እንደተያዙ አዩ። ተመልሰው ያዩትን ተናገሩ። ከዚያ ሰልፍ ወጡ። «ድህነት ወንጀል ነው?» ብለው ጠየቁ።

ይቺ ጥያቄ ዛሬም አልተመለሰችም። ከዚህ በር ስትወጡ አስፋልቱ ዳር ካልሲና ቻርጀር ዘርግቶ የሚሸጠውን ልጅ ታገኙታላችሁ። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸራውን በአራት ማዕዘን ሰብስቦ ይሮጣል። አንዳንዴ ይያዛል። ዕቃው ይወሰድበታል። የሱን ጉዳይ በሕግ ቋንቋ ስንናገር የሥራ መብት፣ የንብረት መብት፣ በሕጋዊ ሥርዓት የመዳኘት መብት እንላለን። የሾላዎቹ ተማሪዎች በሦስት ቃል ጨርሰውታል። ያን መጠየቅ የቻሉት ሄደው ስላዩ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ነገር ውይይት ከማዘጋጀታችሁ በፊት ቦታው ድረስ ሂዱ። ሩቅም አይደለም። ብዙ ጊዜ በታክሲ 15 ደቂቃ ነው።

የተከፈለው ዋጋም ይታወቃል። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ በጥይት ተገደለ። በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው ግቢ ውስጥ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ወታደሮች ተኮሱ፤ የሞቱ አሉ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ከ40 በላይ መምህራን ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ተባረሩ። ከነሱ መሃል ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ።

አንዱን ግን ረጋ ብዬ ልንገራችሁ። ከዛሬው ርዕሳችን ጋር አንድ ነውና።

በ1993 ዓ.ም. መጋቢት 30 ቀን ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎች ጋር ውይይት አደረጉ። ርዕሱ ሰብዓዊ መብትና የአካዳሚክ ነፃነት ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ከአሥር ዓመት በፊት የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን ካቋቋሙት ሰዎች ዋናው ናቸው። ውይይቱ ውይይት ነው፤ ሌላ ነገር አይደለም። በዚያው ሰሞን ተማሪዎቹ ጥያቄ ነበራቸው። ጋዜጣችን ይመለስልን አሉ። የተማሪ ማኅበራችን በነፃነት ይሥራ አሉ። የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ አሉ። ልብ ብላችሁ ካያችሁት የጠየቁት ማይክ ነው። መናገሪያ ነው።

አሥር ቀን ሳይሞላ ፖሊስ ግቢ ገባ፤ ተማሪዎች ተደበደቡ። ሁከቱ ወደ ከተማው ወጣ። ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች መገደላቸውን የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ዘግበዋል። በጅምላ የታሰረው ብዙ ነው። ሚያዝያ 30 ቀን ሁለቱ ምሁራን ተያዙ። የቀረበባቸው ክስ ተማሪዎችን አነሳስታችኋል የሚል ነው። ያ ውይይት በተካሄደ በወሩ መሆኑ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ውይይት ዝም ብሎ የወሬ ጉዳይ ነው የሚሏችሁን እንዳትሰሟቸው ነው። ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አይፈራውም ነበር።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን ስለመግለጽ፣ አንቀጽ 30 ስለ መሰብሰብ ይናገራል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁም የአካዳሚክ ነፃነትን ያውቃል። አንብቧቸው፤ ከኪሳችሁ አይጥፉ። «ሰብዓዊ መብት የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ አንድ ነገር ንገሩት። ሁለንተናዊው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በታኅሣሥ 1941 ፓሪስ ላይ ሲጸድቅ 48 አገሮች ድጋፋቸውን ሰጥተዋል። ኢትዮጵያ ከነሱ አንዷ ናት። ከአፍሪካ ከኛ ጋር ግብፅና ላይቤሪያ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች፤ ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ያኔ እጃችንን አውጥተናል። የራሳችን ቃል ነው።

እሺ፣ ወደ አዳራሹ እንመለስ። ማን ይጠይቃል ብያችሁ ነበር። ሰው የማይጠይቀው ጥያቄ ስለሌለው አይደለም። ብዙ በር ተዘግቶበት ነው።

አንዱ በር ዓይን ነው። በዚህ ግቢ ብዙ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች አሉ። አንድ ጊዜ አቅራቢው «እዚህ ስላይድ ላይ እንደምትመለከቱት» እያለ ይቀጥላል። ደጋግሞ አለው። ከመሃል አንድ ተማሪ ተነሳ። «ይቅርታ፣ እኔ አልመለከትም። ምን ይላል?» አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አቅራቢው ደነገጠ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ማንበብ ጀመረ። ሰንጠረዡን በቃል ለማስረዳት ሲሞክር ግን ተደነቃቀፈ። ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ እሱም አጥርቶ አላወቀውም ነበር። እኛ ዓይናማዎቹ ስናየው ቆይተን አንድም ሰው አልጠየቀም። ያ ልጅ ለራሱ ብሎ የጠየቀው ሁላችንን ነው የጠቀመን። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ነው። የሕንፃ አዋጁም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ እንዲሆን ያዛል። እናንተ ግን ሕንፃው እስኪስተካከል አትጠብቁ። አዳራሹ ፎቅ ላይ ከሆነና ሊፍት ከሌለው ውይይቱን ወደ ምድር ቤት አውርዱት። ሣር ላይም ይሆናል።

ሌላው በር ቋንቋ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይቀርባል። ተማሪው ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ይጀምራል። መሃል ላይ ቃል ይጠፋዋል። ፊቱ ይቀላል። «ተውኩት» ብሎ ይቀመጣል። ያ ጥያቄ ሞተ። አማርኛ ይሁን ስንልም መፍትሔው ግማሽ ነው። ከነቀምት፣ ከሐዋሳ ገጠር፣ ከጅግጅጋ ለመጣ ልጅ አማርኛም ሁለተኛ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። አንዲት ተማሪ በአፋን ኦሮሞ ስትጠይቅ ጓደኛዋ ሲተረጉምላት አይቻለሁ። አራት ደቂቃ ፈጀ። ስለ አያቷ መሬት ነበር የምትጠይቀው። ለካሳ ተብሎ የተሰጣቸው ገንዘብ ስንት ወር እንዳበላቸው ቆጥራ ተናገረች። በእንግሊዝኛ ቢሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ይወጣት ነበር፤ እሱም «ካሳው በቂ አይደለም» የሚል። አራቱ ደቂቃ አልበዛም።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። እዚህ ላይ ቆም ልበል። ዛሬ ተማሪ የሚፈራው ፖሊስን ብቻ አይደለም። ስልክ ይፈራል። የተናገርከው ነገር አንገቱ ተቆርጦ ማታ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ነገ የዶርም ጓደኛህ በሌላ ዓይን ያይሃል። ብሔርህ ከስምህ ይገመታል። ከዚያ አንተ ያልሠራኸውን ነገር መልስ ትባላለህ። ይህ በየግቢው ደርሷል፤ በ2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተማሪዎች በግጭት ሞተዋል። በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎችም አሉ። ወላጆቻቸው ልጆቻችን የት አሉ እያሉ ለፍተዋል። ያ ጥያቄ የወላጅ ብቻ አይደለም። የሁሉም ዩኒቨርሲቲ ጥያቄ ነው። በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ስለ ሰብዓዊ መብት ስናወራ የራሳችን ተማሪዎች ስም የማይነሳ ከሆነ ስለ ማን ነው የምናወራው?

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙ። ቪዲዮ አይቀረጽም በሉ፤ የሚቀረጽ ከሆነም ቀድማችሁ ተናገሩ። ስሙን መናገር ያልፈለገ ሰው አይገደድ። ማንም ተማሪ የብሔሩ ጠበቃም ተከሳሽም አይሁን። በወረቀት መጠየቅም ይቻል። ግን እዚህ ላይ አወያዮች የምናጠፋው አለ። ወረቀቶቹን እናገላብጥና ቀላል ቀላሉን እናነባለን። እኔም አድርጌዋለሁ። ከባዱን ጥያቄ አጣጥፌ ኪሴ ከትቼ አውቃለሁ። እናንተ እንዳታደርጉት። ሁሉም ይነበብ። ስድብ ካለበት ስድቡን ዝለሉት፤ ጥያቄውን አንብቡት።

አሠራሩን በሚመለከት ብዙ አልናገርም። ባነር፣ ሰርተፍኬት፣ ምሳ፣ የክብር እንግዳ ባይኖር ምንም አይጎድልባችሁም። ሁለት ነገር ግን አጥብቃችሁ ያዙ።

መጀመሪያ፣ ሰዓቱን እኩል ክፈሉ። ለጽሑፉ አንድ ሰዓት ከሰጣችሁ ለጥያቄው አንድ ሰዓት ስጡ። አቅራቢው ሰዓቱን ሲጨርስ አስቁሙት። ታላቅ ሰው ከሆነ ማስቆም ይከብዳል፤ አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ የተማሪዎቹ ሰዓት ደርሷል» በሉ። አብዛኛው ሰው ደስ ብሎት ይቀመጣል።

ሁለተኛው ደብተር ነው። ተራ የ100 ገጽ ደብተር ግዙ። እያንዳንዱን ጥያቄ ጻፉበት። አጠገቡ ማን እንደመለሰ፣ ምን ብሎ እንደመለሰ ጻፉ። መልስ ካላገኘ ባዶውን ተዉት። የሚቀጥለው ወር ስትሰበሰቡ መጀመሪያ ደብተሩን ክፈቱ። «ባለፈው የተጠየቀው ምን ደረሰ?» ብላችሁ ጀምሩ። ለአስተዳደሩ የሚሄድ ከሆነ በደብዳቤ አድርሱ፤ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉበት። እኔ ለዓመታት ያወያየሁባቸው መድረኮች አንድም ደብተር አልነበራቸውም። ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነበር የምንጀምረው። ያቺ እናት የጠየቁኝ ጥያቄ የተጻፈበት ቦታ የለም። ዛሬ እዚህ ነግሬያችኋለሁ፤ እባካችሁ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉልኝ። «ኤጀንሲው ከደሞዝ የሚያስቀረውን ማንን እንጠይቅ?»

መልሱን የሕግ ተማሪዎች ፈልጉት። ከግዢ ክፍሉ ጋር የተፈረመውን ውል ጠይቁ። የጽዳት ሠራተኞቹን፣ ጥበቃዎቹን፣ የካፌ ሠራተኞቹን ጥሩ። ሰዓቱን ግን እነሱን ጠይቃችሁ ወስኑ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብትጠሯቸው አይመጡም፤ ሰርቪስ ያመልጣቸዋል። ምሳ ሰዓት ይሻላል መሰለኝ። የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው።

40 ደቂቃ ሰጥታችሁኝ ነበር። ሃያውን ወስጃለሁ። የቀረው የእናንተ ነው፤ ማይኩ ይኸውላችሁ። ከኋላ ወንበር እንጀምር። በሩ ጋ የቆማችሁት ሁለት ጥበቃዎችም ግቡ፣ እዚህ ቦታ አለ። ደብተሩን ማን ይይዛል?